የሰማዩ ቴሌስኮፕና የካቶሩ ፍሪጅ

ሙቀት ማንም ይሠራዋል። እሳት ማንደድ እንኳ አያስፈልግም፤ ሰው ተቆጥቶ ይሞቃል፣ ተጣልቶ ይሞቃል፣ ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎም ይሞቃል። ብርድ ግን ሙያ ይጠይቃል። ይህን የምለው ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆንኩ ለሙያዬ ላዳላ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አዳልቻለሁ። ግን እናንተም በየካቲት ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጁባ ካስተም ገበያ መሐል፣ ከኡጋንዳ የመጡት የጭነት መኪናዎች የሚራገፉበት ቦታ ላይ አንድ አምስት ደቂቃ ብቻ ቁሙና ከዚያ በኋላ እንከራከራለን። እዚህ ከተማ ሰው ሲገናኝ "ከፍ?" ይባባላል፤ እንዴት ነህ ማለት ነው። እኔን ሲያገኙኝ ግን ሰላምታውን ይዘሉትና "ፍሪጄ አልቀዘቅዝ አለኝ" ይሉኛል። ስንት ዓመቴ እዚህ፤ አንድ ቀን ደኅና መሆን አለመሆኔን የጠየቀኝ ደንበኛ አላስታውስም።

አልፈርድባቸውም። ሰው ፍሪጅ ብርድ የሚሠራ ይመስለዋል። አይሠራም። ፍሪጅ ማለት ሙቀትን ከሆዱ አንስቶ በጀርባው የሚደፋ ዕቃ ነው፤ ሥራው ይኸው ነው። የሚደፋበት ቦታ ካጣ ደግሞ የደፋው ተመልሶ ይገባበታል። የእኛ ሰው ታዲያ ፍሪጁን ጥግ ያስገባና ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ አናቱ ላይ ቴሌቪዥን ይጭንበታል፤ ጀርባው ላይ እርጥብ ካልሲ ያሰጣበታል፤ ከዚያ እኔን ይጠራና "ኢንጂነር፣ ይቺ ዕቃ ቀሽም ናት" ይለኛል። ኢንጂነር የሚባለው እንግዲህ እኔ ነኝ። ዲግሪ የለኝም፤ ሙያዬን የለቀምኩት መርካቶ አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ግን በሰው አገር የተሰጠ ማዕረግ አይመለስም።

አንድ ቀን አንድ ሆቴል ጓሮ ፍሪዘር ውስጥ ጋዝ እየሞላሁ በስልኬ አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ። ስለዚያ ሰማይ ላይ ስለሰቀሉት ትልቅ ቴሌስኮፕ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብዬ ልዘጋው ስል "ኮምፕሬሰር" የምትል ቃል ጆሮዬ ገባች። እጄ ቆመ። እዚያ ላይ ምን ኮምፕሬሰር አለ? ያችን ቪዲዮ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ታገሱኝ፣ አሳጥረዋለሁ። ይህ ቴሌስኮፕ የሚያየው ብርሃን እኛ የምናየው ዓይነት አይደለም። ከሩቅ፣ ከሩቅም ሩቅ የመጣ፣ በመንገድ የደከመ ሙቀት ነው የሚያየው፤ እጃችሁን ምድጃ አጠገብ ስታደርጉ ሳትነኩት የሚሰማችሁ ዓይነት፣ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ። እንግዲህ ሙቀት የሚያይ ዓይን ራሱ ከሞቀ ምን ያያል? ራሱን ያያላ! የገዛ ሙቀቱ ያሳውረዋል። (እንዲህ ዓይነት ሰው እኛ ሰፈር፣ ካቶር ውስጥ ሦስት አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም።) ስለዚህ ሰዎቹ ቴሌስኮፑን ከመሬት አንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር አርቀው አኖሩትና ቤቱን ለሁለት ከፈሉት። የሚሞቀው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም ባትሪውም፣ በፀሐይ በኩል ሆነ። መስታወቱና ከመስታወቱ ጀርባ በአንድ ሳጥን ታጭቀው የተቀመጡት ካሜራዎች ደግሞ በጥላው በኩል። በመሐል የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ጥላ ተዘረጋ፤ አምስት ሽፋን ያለው፣ እያንዳንዱ ሽፋን እንደ ፀጉር የቀጠነ። ሽፋኖቹም አይነካኩም! ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። አንዱን ያለፈው ሙቀት ሁለተኛው ጋ ሳይደርስ አብዛኛው በመሐላቸው ባለው ክፍተት ወደ ጎን ሾልኮ ይጠፋል። ከፀሐይ በኩል ውኃ ሊያፈላ ምንም ያልቀረው ሙቀት፤ አምስተኛውን አልፋችሁ ስትገቡ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሠላሳ ግድም። ያለ አንዲት ጠብታ ጋዝ!

ከካሜራዎቹ አንዱ ግን ይህም አልበቃውም። ለሱ ብቻ በሂሊየም የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሠሩለት። ኮምፕሬሰሩን የት አስቀመጡት? በፀሐይ በኩል! የበረደው ጋዝ በቀጭን ቱቦ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው። ኮምፕሬሰር ይሞቃላ፤ ይንቀጠቀጣላ፤ የሚሞቅ ነገር ከሚቀዘቅዝ ነገር ጋር አንድ ቤት አያድርም። ብድግ ብዬ ለሆቴሉ ዘበኛ አሳየሁት። "ይኸው! ሃያ ዓመት የምጮኸው ይሄን አይደል እንዴ?" አልኩት። ዘበኛው አየኝና ፍሪዘሩ ለምሳ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሙሉጌታ ባይሞት ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሙሉጌታ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ኮር ዊሊያም ሰፈር የሚገኝ ዳቦ ቤት ጋጋሪ። ጁባ ሳያንሰው ምድጃ አፍ ላይ የሚውል ሰው አስቡ። እኔ ብርድ፣ እሱ እሳት ስለምንሸጥ በተገናኘን ቁጥር እንተራረብ ነበር። "አንተ ስትሞት ገሃነም ሙቀቱ አይታወቅህም" እለው ነበር፤ ምላሴን ይቁረጠው። ሰኞ ራሴን አመመኝ አለ፤ ማክሰኞ ወባ ነው ተባለ፤ ሐሙስ ጠዋት ሞተ። ይኸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ አጥር የሚያህል ትከሻ ያለው ሰው በሦስት ቀን አለቀ። እዚህ ሞት ቀጠሮ አያስይዝም። እያንዳንዳችን ከሬሳ ሳጥን የሚለየን አንዲት ትንኝ ናት፤ ይህን እያወቅን ቁርሳችንን እንበላለን።

ጋሽ በላይ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ካቶር ምግብ ቤት አላቸው። የዚያን ዕለት ከሰዓት ግቢያቸው ሰበሰቡንና ሁለት ነገር ቆረጡ። አንደኛው፣ "እዚህ አይቀበርም። ለእናቱ አንድ ነው። ፊቱን ሳታይ አፈር አናለብሰውም፤ እስኪሄድ ድረስ ይጠበቅ" አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አባት የለው፣ እህት የለው፤ እናት ብቻ። ለአንዲት እናት የልጇን ፊት ማድረስ፤ ከዚህ በላይ ምን ጽድቅ አለ?

ሁለተኛው፣ "ለእናትየው ማንም ትንፍሽ እንዳይል" የሚል ነው። ይህንንም ሁላችንም ተስማማን። ወጋችን ነዋ! ለእናት በስልክ መርዶ የሚናገር ሰው ከሰው አይቆጠርም። አዲስ አበባ ላለው አጎቱ ብቻ ተነገረው። አስከሬኑ ሲገባ እሱ ይቀበላል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማለዳ ጎረቤት ተይዞ፣ እናቲቱ ገና ከመኝታቸው ሳይነሡ በራፋቸው ላይ ቆመው ያረዷቸዋል። እስከዚያው ታሟል ይባላሉ። እንዲህ ነው እኛ ዘንድ፤ ሰው እውነትን የሚሰማው በሰዓቱ ሳይሆን በተራው ነው።

አስከሬኑ ካቶር ያለ አንድ ትንሽ የሕክምና ቤት ገባ። እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ገብቼም አንገቴን ደፋሁ። ባለ ሁለት መሳቢያ ማቀዝቀዣ አለ፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሞተሩ እዚያው ሥሩ ላይ ተቀምጦ ያጓራል። ክፍሉ ዳቦ ቤት ነው የሚመስለው። ማሽኑ ከሆዱ ያወጣውን ሙቀት መልሶ ይጠጣል። ጠባቂው ዋኒ ይባላል፤ ረጋ ያለ የአገሬው ሰው ነው። "ስንት ቀን ነው የሚቆየው?" አለኝ። ወረቀቱ እስኪያልቅ አልኩት። ሳቀ። የምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ማኅተም፣ ከዚያ የማኅተሙ ማኅተም፤ በየመስኮቱ "ቡክራ" ነው፤ ነገ ማለት ነው፤ ነገም በነገው ዕለት ሌላ ነገ አለው። "ይሄ ማሽን ሁለት ቀን ነው የሚችለው" አለኝ ዋኒ። "ማሌሽ፣ ያ ሙሐንዲስ።" አዝናለሁ ማለቱ ነው።

ያኔ ያ የሰማዩ ቤት ትዝ አለኝ።

በማግስቱ በጠዋት መሣሪያዬን ይዤ መጣሁ። ሞተሩን ነቀልኩና ግድግዳውን ሸንቁሬ ወደ ውጭ፣ ኒም ዛፉ ሥር አወጣሁት። በመዳብ ቱቦ ከመሳቢያው ጋር አገናኘሁት፤ ቱቦውን እንደ ሕፃን ጠቀለልኩት። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች፣ ቆርቆሮው ክፍሉን ያግለዋል፤ ስለዚህ ጥላ ያስፈልጋል፤ ጥላውም አንድ መሆን የለበትም። ከላይ ነጭ ቀለም የቀባሁት ቆርቆሮ፣ ሥሩ ከካስተም ያመጣሁት ብርማ የጣሪያ ላስቲክ፣ ከዚያ ሸራ፣ ከዚያ እንደገና ብርማው፣ ከዚያ ሰሌን። በየመሐሉ ጣውላ እያስገባሁ እንዳይነካኩ አደረግኳቸው፤ ነፋስ በጎን ገብቶ በጎን ይውጣ ብዬ።

"አንድ ቆርቆሮ አይበቃም ነበር?" አለ ዋኒ ከታች ሆኖ።

ወርጄ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ ስለ ቴሌስኮፑ በሙሉ በተሰባበረ ጁባ ዓረቢኛዬ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ፣ "እዚያ ሳጥን ውስጥ ማን ነው የተኛው?" አለኝ።

"ማንም። ካሜራ ነው ያለው" አልኩት።

"ይህን ሁሉ ለካሜራ?" አለ። መልስ ካላችሁ ንገሩኝ። የሰው ልጅ ለዕቃው አምስት ጥላ በሰማይ ይዘረጋል፤ ራሱ ሲሞት መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

ለማንኛውም ሠራ። በሁለተኛው ቀን ቴርሞሜትሩ ሁለት ዲግሪ አለና እዚያው ቀረ። ጀነሬተሩ ሲያርፍ እንኳ ሦስት ቢል ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ጓደኛዬ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ እኔ በየሄድኩበት "ሁለት ዲግሪ! ሁለት!" እያልኩ ስለፍፍ ሰነበትኩ። ጋሽ በላይም መጥተው መሳቢያውን አስከፍተው አዩት። ሙሉጌታ እንደተኛ ሰው ነው፤ ግንባሩ እንኳ አልጠቆረም። "እናቱ ታየዋለች" አሉና አለቀሱ። በስምንተኛው ቀንም እንደዚያው ነበር፤ በዘጠነኛውም።

ይህን በምሠራበት ጊዜ ጋሽ በላይ ደግሞ በበኩላቸው ጥላ እየዘረጉ ነበር። የሙሉጌታ ስልክ እሳቸው ኪስ ነው። እናቱ፣ እማማ አስካለ፣ በየቀኑ ይደውላሉ። መጀመሪያ "ትንሽ አሞት ተኝቷል" ተባሉ። ይህ ሲሳሳ "ወባ ነው፣ ብርድ ብርድ ይለዋል እንጂ ደኅና ነው" ተጨመረ። "ድምፁን ብቻ ልስማ" ሲሉ "ጉሮሮው ተዘግቷል" መጣ። እሱም ሲቀደድ ሐኪም ማውራት ከልክሎታል ተባለ። አንድ ቀን ጋሽ በላይ ሥራ በዝቶባቸው ስልኩን እኔ እጅ ላይ ጣሉት። ምን ልበል? "ትናንት ሾርባ ጠጣ እማማ" አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ለሞተ ሰው ሾርባ አጠጣሁት! "የምን ሾርባ?" አሉኝ። "የበግ" አልኩ። "እሰይ፣ እሰይ፣ የበግ ይሻለዋል" አሉ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አትጠይቁኝ።

ከዚያ በድንገት መደወል ተዉ። አጎትየውን ስንጠይቅ "ለሱ ብለው ጠበል ገብተዋል፤ ስልክ የለም" አለን። እፎይ አልን። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ሽማግሌ ሳይቀር እፎይ አልን።

በዐሥረኛው ቀን ወረቀቱ አለቀ። ጠዋት ሙሉጌታን ከመሳቢያው አውጥተን በቆርቆሮ በተለበጠው ሳጥን አስገባነው፤ እኔው በብየዳ ክዳኑን አሸግሁት። መታሸግ ግዴታ ነው ተብሏል። አውሮፕላን ማረፊያ የጭነቱ በር ጋ ቆመን ስንጠብቅ ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን አረፈ። ይኸው አውሮፕላን ነው ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ የሚመለሰው። በአጥሩ ቀዳዳ ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ አየሁ። መሐላቸው አንዲት ነጠላ የለበሱ ባልቴት አሉ፤ ትልቅ ጥቅል ታቅፈው፣ አንዱ ወጣት ልያዝልዎ ሲል እምቢ እያሉ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ይወርዳሉ። "የማን እናት ይሆኑ፤ ምን የታደለ ነው" አልኩ በሆዴ። እሳቸው ወደ አዳራሹ ሲገቡ ሳጥኑ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ገባ።

ተመልሰን ጋሽ በላይ ግቢ ድንኳን ጣልን። ከእንግዲህ ማልቀስ ይቻላል። ዐሥር ቀን ታምቆ የቆየ ለቅሶ ነው፤ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ለቀቀው። የዳቦ ቤቱ ልጆች ደረታቸውን ይደቃሉ። በዚህ መሐል አንድ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ በሩ ላይ ቆመ። ከጀርባው እነዚያ ባልቴት ከነጥቅላቸው ወረዱ።

ማንም ማን እንደሆኑ አልነገረኝም። ፊታቸው የሙሉጌታ ፊት ነው።

ድንኳኑን አዩ፤ ጥቁር የለበሱትን አዩ፤ እያንዳንዳችንን በየተራ አዩን። ዐሥር ቀን ያዘጋጀነው መርዶ ነጋሪ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ማለዳ፣ ሁሉም የት ሄደ? ድንኳኑ ብቻውን ነገራቸው።

"የት አለ?" አሉ።

ጋሽ በላይ ተነሡ። "ሄደ፣ እማማ" አሉ።

"ወዴት ሄደ?"

"ወደ እርስዎ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ አልጽፈውም። አልችልምም። ቆይተው ራሳቸው ነገሩን። ጠበል ልገባ ነው ያሉት ለማታለል ነው። አጎትየው "እየተሻለው ነው" ሲላቸው ድምፁ ስላላማራቸው ልጄ ጠንቶበት ደብቀውኛል ብለው ጠረጠሩ፤ እሄዳለሁ ቢሉ እንደሚከለክሏቸው ስላወቁ ዋሹ። ፓስፖርቱ ሙሉጌታ ራሱ ኢየሩሳሌም ላሳልምሽ ብሎ ያስወጣላቸው ነው። ጁባ የሚመላለስ አንድ ጎረቤታቸው ነጋዴ ቪዛና ቲኬቱን ጨረሰላቸው፣ የጋሽ በላይን ግቢ አድራሻም ጻፈላቸው፤ ምንም አያውቅም ምስኪኑ። ጥቅሉ ባና ነው፤ ያ የሱፍ ብርድ ልብስ። ብርድ ብርድ ይለዋል ብለናቸው አልነበር?

እዩ እንግዲህ። እኛ ለሳቸው ብለን ዋሸን፤ እሳቸው ለልጃቸው ብለው ዋሹ፤ አጎትየው ለሁላችንም ብሎ ዋሸ። ከመሐላችን አንድ ክፉ ሰው የለም። ጥላ ከወዲህ ያለውን ከወዲያ እንደሚጋርድ ሁሉ ከወዲያም ያለውን ከወዲህ እንደሚጋርድ ግን ያሰበ አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በስልክ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ የዚያን ዕለት መሳቢያውን ከፍተን ልጃቸውን እናሳያቸው ነበር። እኔ ያን ስልክ ይዤ ነበር። እኔ ሾርባ አልኩ።

ከሰዓት አጎትየው ሳጥኑን ተቀብሎ ደወለ። እናቲቱ እኛ ዘንድ መሆናቸውን ሲሰማ ሰዓት ማስላት ጀመረ። ከዚህ የሚነሣው ቀጣዩ በረራ ነገ እኩለ ቀን ነው፤ ደብረ ብርሃን የሚደርሱት ከነገ ወዲያ ጠዋት ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ያሉት ማቀዝቀዣዎች ሞልተዋል፤ ጠይቆ ነበር። "ኢንጂነሩን አቅርብልኝ" አለ። ስልኩ እጄ ገባ። "እስከ ከነገ ወዲያ ይቆያል? ሳጥኑን ብንከፍተው ፊቱን ያያሉ?" አለኝ። ዐሥር ቀን ነው፤ ከብርዱ የወጣው ጠዋት ነው፤ ተዘግቶ የሄደው በቆርቆሮ ውስጥ፣ በዚያ ፀሐይ ነው። መልሱን አውቀዋለሁ።

እማማ አስካለ እያዩኝ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። "ነገ በማለዳ ቅበሩት" አሉ። "እኔን ብላችሁ ልጄን ደጅ አታስጠኑት።" ስልኩን መለሱልኝ።

ከዚያ የተኛበትን ቦታ አሳዩኝ አሉ። ጋሽ በላይ መነሣት አቃታቸውና እኔ ይዣቸው ሄድኩ። ዋኒ ምንም ሳይጠይቅ ከፈተልን። መሳቢያው ባዶ ነው፤ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው፤ ማጥፋቱ ትዝ ያለው አልነበረም። እማማ አስካለ ባናውን ለዋኒ አስያዙትና እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ወደ ውስጥ አስገቡ። የተኛበትን ብረት በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር። ብዙ ቆዩ። ጣቶቻቸው ቀሉ።

"በርዶት ነበር፣ ልጄ?" አሉኝ ዞር ብለው።

በሃያ ዓመት ሙያዬ እንደ ልቤ የቀዘቀዘልኝ ነገር ያ መሳቢያ ብቻ ነው።

"ኧረ አይበርድም እማማ" አልኳቸው። "ይሄ ማሽን ድሮም ደኅና አይሠራም።"